ሞተሩን ያጠብኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሄለን ግቢያችን ውስጥ የመኪናችንን ኮፈን ከፍታ፣ ስልኳን ግንቡ ላይ አስደግፋ፣ አንድ ሰውዬ ሞተር እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይበትን ቪዲዮ እያየች ለሥራ ስትዘጋጅ ደረስኩባት። ነዳጅ ከከተማው በጠፋበት ጊዜ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ከዓመት በላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህም ውስጧን ደህና አድርጎ ያጸዳት የለም። አቧራው፣ የደረቀው ቅጠል፣ የአይጥ ጎጆው ሳይቀር እዚያው ሞተሩ ላይ ነው። ሄለን ባልዲ ውስጥ ሳሙና በጥብጣ፣ ብሩሽ ይዛ፣ የውኃውን ጎማ ወደ ሞተሩ አነሣች።

«ተይ! መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ነገሩን ሸፍኚ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

ሄለን ዞር ብላ ሳቀች። «እማ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

ስለ ሞተር የማውቀው ይህንኑ አንድ ነገር ነው። የተማርኩት በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

አባቴ ተፈራ የደብረ ብርሃን ሰው ነበር። የሒሳብ መምህር ሆኖ መቀሌ ተመደበና የውቅሮዋን ልጅ ለተሃይማኖትን አግብቶ እዚሁ ቀረ። እናቴ ለእሱ ስትል የተማረችው አማርኛ ነበራት፤ ሐ እና ዐ ከጉሮሮዋ እየወጡ፣ ወንዱንና ሴቱን እያደባለቀች ትናገረዋለች። አባቴ «ለተ፣ ወንበሩን ሴት አደረግሽው እኮ» ይላታል። «ሴት ብትሆን ምን ይጎድልባታል?» ብላ ትመልስለታለች። ይሄን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር። ሰው ከቤቱ ሳቅ ሲጠፋ ነው መኖሩን የሚያስታውሰው።

ቤታችን በመቀሌ ሰሜን በኩል ነበር፤ ወደ ውቅሮ ከሚወስደው መንገድ የሁለት ደቂቃ እርምጃ ቢሆን ነው። አባቴ አንዲት ነጭ አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኗን ከፍቶ ዘይቷን ያያል፣ ውኃዋን ይሞላል፣ የሞተሩን ድምፅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔ አጠገቡ ቆሜ መፍቻ አቀብለዋለሁ። ከአባቴ ጋር ብቻዬን የምሆንባት ሰዓት ስለሆነች እወዳት ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ውቅሮ ታመመች። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት አባቴ በመኪናዋ ይወስደናል፤ እናቴ ስኳርና ቡና ትይዛለች፣ ማታውን የጋገረችውን ሕምባሻ በነጭ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ስንመለስ መንገድ ዳር በለስ ገዝተን መኪና ውስጥ እንበላለን። አባቴ እሾኹ ጣቱን ስለሚወጋው እናቴ እየላጠች ታጎርሰው ነበር።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ የዕድር ስብሰባ ነበረበት፤ እናቴ ገበያ ወጥታለች። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። ለምን አላስደስተውም ብዬ አሰብኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ በዘይትና በአቧራ ተለውሶ ጥቁር ጭቃ መስሏል። ከጓዳ ናፍታ በቆርቆሮ አመጣሁ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈለግሁ፣ እያንዳንዱን ጉድባ ፈተግሁ። ቀጥሎ በሳሙና፣ ከዚያ ጎማውን ከቧንቧው ጋር አያይዤ በውኃ እጥበት ሆነ። ምንም አልሸፈንኩም። ውኃው ጥቁር ሆኖ ሲወርድ ማየቱ ራሱ ደስታ ነበር። ሲጠራልኝ በጨርቅ አደረቅኩት፤ የተላላጡትን ሽቦዎች በአዲስ ናስትሮ ጠቀለልኩ፤ የባትሪውን መቀመጫ ከበሩ ቅብ የተረፈውን ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ ጎማ የሆኑትን የሞተሩን ክፍሎች ሁሉ በቫዝሊን አሸሁ። ናፍታው እጄን ፈጅቶት ጣቶቼ ቀይ ሆኑ።

አባቴ ሲመለስ እጁን ይዤ ወሰድኩትና ኮፈኑን ከፈትኩለት።

«እንዴ!» አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ። «ይቺ የኔ መኪና ናት? ብቻሽን ነው የሠራሽው?»

ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አየ። ከሞተሩ ጎን፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክዳን ላይ እጁ ቆም አለ፤ ጣቱን አሸት አሸት አደረገ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጥርሴን ገልፍጬ ቆሜያለሁ። ግንባሬን ሳመኝና ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ማታ እንደገና ዘነበ።

በማግስቱ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ተንኳኳ። ከውቅሮ ወደ ማይጨው የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አጎቴ የላከው። አያታችሁ ሌሊቱን ደክማለች፣ ለተሃይማኖትን አምጡልኝ እያለች ነው፣ ቶሎ ድረሱ አለና ሄደ። እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ የጠቀለለችውን ሕምባሻ ይዛ፣ ከሁላችን ቀድማ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

አባቴ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተንጣጣች እንጂ አልተነሣችም። ደገመ። ሠለሰ። ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት ግን የለም።

«ምን ሆነች?» አለች እናቴ።

አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። አፌን ልከፍት ስል ቀደመኝ።

«ትናንት ሞተሩን አጥቤው ነበር» አላት። «ውኃ ገብቶበት ነው። አሁን ይነሣል።»

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ያ ያሳመርኩት ሞተር በማለዳው ብርሃን ያብረቀርቃል። ክዳኑን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ተነፈሰበት፣ ገጠመው፣ ሞከረ። እንደገና ፈታው። አየሩ ራሱ እርጥብ ነበር፤ የጠረገው መልሶ ያልበዋል። «አሁን ይነሣል ለተ፣ አንድ አፍታ» ይላል በየመሃሉ። ከጎዳናው የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል፤ አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። እናቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ወደዚያ ታያለች። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቶቼን አቅፌ ተቀምጫለሁ። «እኔ ነኝ ያጠብኩት» ብል ምን እንደሚሆን ሳስብ ሰዓቱ ነጎደ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲያልፍ እናቴ በሩን ከፍታ ወጣች። ተከተልናት። እሑድ ስለነበር ከዚያ በኋላ የመጡት አውቶቡሶች ሞልተው ነው የሚያልፉት። ቆመን የሄድንበትን አውቶቡስ ያገኘነው ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

ውቅሮ ስንደርስ ለቅሶው ከመንገድ ላይ ተሰማ። እናቴ መሮጥ ጀመረች። በሩ ላይ ታላቅ እኅቷ አቀፈቻት፤ በትግርኛ እየጮኸች የነገረቻትን ሁሉም ሰው ሰማ። አያቴ ያረፈችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር «መጺኣ ዶ?» ትል ነበር። መጣች ወይ?

እናቴ ሕምባሻውን አላስቀመጠችም። እስከ ቀብሩ ድረስ ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ቤት በገባን ማግስት አባቴን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኩትና «ልነግራት ነው» አልኩት። ቆመ።

«አትነግሪያትም» አለኝ። «ውኃውን ማታ አይቼዋለሁ ልጄ። ክዳኑን ፈትቼ ማድረቅ ነበረብኝ። ደስ ብሎሽ ስለነበር አንድ ነገር ጎደለ ማለት ከበደኝ። አውቶቡስ ያዢ ያላልኳትም እኔ ነኝ። ስለዚህ አልዋሸሁም።»

«ግን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«እኔን ብትቀየም እችለዋለሁ። አንቺ ግን እናት ትፈልጊያለሽ። ደግሞ ያልፋል።»

አላለፈም። እናቴ አልጮኸችም፣ ከቤት አልወጣችም። ምግቡን በሰዓቱ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ትተኩሳለች። ነገር ግን አማርኛዋን ተወችው። ለአባቴ የምትለው ቢኖር በትግርኛ ነው፤ «ምሳሕ ቀሪቡ»፣ ምሳ ቀርቧል፤ «ማዕጾ ዕጾ»፣ በሩን ዝጋ። እሱ በአማርኛ ይመልስላታል። ባለቤቷ ላይ ያላት ቂም ምን ያህል እንደሆነ ጎረቤት እንኳ የሚያውቀው አይመስለኝም፤ እኔ ግን በየማዕዱ እሰማው ነበር።

መኪናዋን መስከረም ሳይጠባ ሸጣት። የአዲግራት ነጋዴ ነው የገዛው። ኮፈኑን ሲከፍት «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ንጹሕ ሞተር ነው! አያያዝ እንዲህ ነው» አለ። አባቴ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወደ ቤት ገባ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። በየበዓሉ ቤት ስመጣ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው፣ ዝምታው ለምዶባቸው ሰላም ይመስለኝና እተወዋለሁ። ለራሴ ያቀረብኩት ሰበብ ብዙ ነው። እውነቱ ግን ፈራሁ፤ እናቴ አባቴን የምታይበት ዓይን ወደ እኔ እንዳይዞር ፈራሁ።

አባቴ ያረፈው መድኃኒት ከከተማው በጠፋበት ዘመን ነው። የስኳር ሕመም ነበረበት። እናቴ እስከ መጨረሻው እግሩን እያጠበች አስታመመችው። አርባው ከወጣ በኋላ፣ እንግዳው ተበትኖ ሁለታችን ብርጭቆ ስናጥብ፣ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ናፍታውን፣ ቫዝሊኑን፣ መንገድ ላይ ያለኝን ሳይቀር።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተቀመጠች።

«ታድያ እሱ እያለ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በአማርኛ። «ይቅርታ የምጠይቀው ሰው እያለ?»

የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

ይህን ሁሉ ለሄለን የነገርኳት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጎማውን መሬት ላይ ጥላ ሰማችኝ። ውኃው በከንቱ እየፈሰሰ መሆኑን ያየነው በኋላ ነው።

«አያቴ ታዲያ ይቅር አለችሽ?» አለችኝ።

ብላኛለች። ያን ቀን ሳትውል ሳታድር ነው ያለችኝ፤ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ ብላ። እኔ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ስለ ሠራሁት ራሴን መውቀስ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዐዋቂ ሆኜ ዝም ያልኩባቸውን ዓመታት ግን የት አደርጋቸዋለሁ? የሁለት ሰዎች ዕድሜ ናቸው። ብናገር ኖሮ አንድ ሳምንት አልቅሰን፣ ተኳርፈን፣ ይወጣልን ነበር።

እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት። ያን ቀን ማታም ራት አቅርቤላት ጥቂት ከቀመሰች በኋላ፣ ሰሞኑን እንደምታደርገው፣ እጇን ከማዕዱ ላይ አንሥታ አየችኝ።

«አባትሽ በእኔ አዝኖ ተናግሮሽ ያውቃል?» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ?»

ያውቃል ልላት ይቃጣኛል። አንድ ቀን ተማርሮብሽ ነበር ብላት ሸክሟ ትንሽ የሚቀልላት ይመስለኛል። ግን እሷን ከእንግዲህ በምንም ነገር አላታልላትም።

«አንድም ቀን» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።