የከርሞው ባና

ባለፈው ገና እናቴን ይዤ ላሊበላ ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ልጋብዛት ብዬ ከአዳዲሶቹ ሆቴሎች ወደ አንዱ ስንገባ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ አንድ ጥቁር የበግ ጸጉር ባና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ከበላዩ ቢጫ መብራት በርቶለታል። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። የልጅነቴ ባና እርጥብ በግ፣ እንዶድና የምድጃ ጭስ ይሸት ነበር። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣና ይዞኝ ሄደ።

ልጅ እያለሁ ከሙጃ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የደጋ መንደር ነበር የምንኖረው። የዚያን አገር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እንደ ቤተኛ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይተኛል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በሳሉ ይተዋወቃል። በጎች ነበሩን። ማለቴ፣ እኛ ቤት ያድሩ ነበር እንጂ የእኛስ አልነበሩም። ባለቤታቸው አያ አበጋዝ የሚባሉ የመንደሩ ባለጸጋ ነበሩ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴ በጎቻቸውን ታረባለች፤ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። ጸጉሩን የምንሸልተው እኛ ነን። አጥባ፣ አባዝታ፣ ጣቷ እስኪቆስል የምትፈትለው እናቴ ናት። ሸማኔው ሠርቶት ባና ሆኖ ሲያልቅ ግን አያ አበጋዝ ይመጡና በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ የዘንድሮው የእኔ፣ የከርሞው የእናንተ ብለው ይሄዳሉ። ከርሞ ደግሞ ሲደርስ ዘንድሮ ይሆናል። በልጅ አእምሮዬ ከርሞ ከተራራው ወዲያ ያለ፣ ሰው ሁሉ የሚሞቅበት፣ ግን ማንም ደርሶበት የማያውቅ አገር ይመስለኝ ነበር።

እኛ የምንተኛው አጎዛ ላይ ነው፤ የምንለብሰውም የእናቴን ያለቀ ጋቢ። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። የዚያን ዓመት ግን አልሳቀችም። ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ ክፉኛ ያስል ጀመር፤ ሲያስል ትንሿ ደረቱ እንደ ወናፍ ትነፋለች። እናቴ አያ አበጋዝ ቤት ሄዳ የዘንድሮውን ባና ለልጁ እንዲተዉላት ለመነች። እሳቸውም በቁጣ ሳይሆን በለሰለሰ አንደበት፣ ለአማታቸው ቃል የገቡት መሆኑን ነገሯት። ደግማ አልጠየቀችም። በጎቹን ቢነሷት በምን ታሳድገናለች?

ባና ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ወንፊት ነው፤ ሰፊና ስስ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ። ወፍራም የሚያደርገው እግር ነው። ስለዚህ የመንደሩ ልጆች እግራችንን ታጥበን ከምንጩ አጠገብ ካለው ዝርግ ድንጋይ ላይ እንሰበሰባለን። እናቴ ፍል ውሃና የተወቀጠ እንዶድ ታፈስበታለች፤ እኛ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እየዘፈንን እንረግጠዋለን። አረፋው በጣቶቻችን መሃል ይወጣል። የበጉ ጸጉር ከእግራችን ሥር እየጠበበ፣ እየተያያዘ፣ እየወፈረ ሲሄድ ይሰማናል። እናቴ በየመሃሉ ጎንበስ ብላ በክንዷ ትለካለች። ልኩ ሲደርስ «ይብቃ» ትልና ከሥራችን ትስበዋለች። እሷ ይብቃ ያለችው ባና አንድም ቀን ጠቦ ወይም ሰፍቶ አያውቅም።

የዚያን ቀን እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ እርስ በርስ አንተያይም ነበር። ዘፈኑ አለቀ፤ እንደገና ጀመርነው። እግሬ ከጉልበቴ በታች ሞቆ የእኔ መሆኑ ጠፋኝ፤ የሁላችንም እግር አንድ ትልቅ፣ ደግ እንስሳ የሆነ መሰለኝ። ሲሳይ ከቤት ደጃፍ ሲያስል ይሰማል። እናቴ በክንዷ ለካች፤ ቀና ብላ ወደ ሳሉ አየች፤ ከዚያም ሌላ ፍል ውሃ አፈሰሰች። ይብቃ የሚለውን ስንጠብቅ ስንጠብቅ ፀሐይ ጉሙን ገፈፈችው።

አያ አበጋዝ መጥተው ሲለብሱት ባናው ከወገባቸው አላለፈም። አገላበጡት፣ ጎተቱት። አንዴ የጠበበ ባና ደግሞ አይሰፋም።

«እጅሽ አይስትም ነበር፤ ምን ነካሽ?» አሏት።

እናቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ልቤ በጎቹ ላይ ነበር። እሳቸው ብዙ ቆመው ካሰቡ በኋላ፣ ይህ የልጅ ነው ብለው አጎዛው ላይ ጣሉት፤ እንግዲያው የከርሞው የእኔ ነው ብለውም ዛቱ።

«እሺ አያ» አለች እናቴ፣ «የከርሞው የእርስዎ ይሁን።»

ሲሳይ ያን ክረምት በሕይወት ተሻገረ። ባናው ከአንገቱ እስከ እግሩ ጣት ልክክ ነበር ያለው፤ በልኩ የተሠራለት ነው የሚመስለው። እኔም ጠርዙን ወደ ራሴ እየሳብኩ የበግ ሽታ ውስጥ እሰምጥ ነበር። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ አግኝቼ አላውቅም፤ አሁን ያለኝ ብርድ ልብስ ከሱቅ የመጣ፣ ለስላሳ፣ ማን እንደሠራው የማላውቀው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራችን፣ የዕቃ ዋጋ በውስጡ የተደበቀ የሰው ድካም ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ ብሎ ሲያስተምረን፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ እግሬን ሞቀኝ።

ሲሳይ ዛሬ እዚያው ላሊበላ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ባናው የተሰቀለበትን ሆቴል ግድግዳ ከጠረቡት አንዱ እሱ ነው፤ የገና ዕለት አብረኸን ሻይ ጠጣ ብንለው ግን፣ አይ፣ እዚህ ይሻለኛል ብሎ ደጅ ቀረ።

እናቴ ወደተሰቀለው ባና ሄዳ መዳፏን አሳረፈችበት። ማን እንደሚለብሰው ጠየቀችኝ። ማንም አይለብሰውም፣ ለዓይን ነው አልኳት። ያን ሁሉ ዘመን ያልጠየቅኳትን የጠየቅኳት ያኔ ነው፤ የዚያን ቀን ይብቃ ማለቱን ረስታው እንደሆነ።

«አልረሳሁም» አለች፣ እጇን ከባናው ሳታነሳ። «ከርሞን መጠበቅ መረረኝ።»

ደግሞ ጠርዙን በጣቶቿ ዳሰስ አድርጋ፣

«ይኼን የፈተለችውስ የሚበርደው ልጅ የላትም?» አለችኝ።

ሻያችን መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ።