የበረዶውን ዕድሜ የጠየቁኝ አባት

ቦንጋ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ማክሰኞ፣ በዋልታ ምድር በረዶው በየዓመቱ እየተነባበረ እንደሚከማች፣ ንብርብሩ ተቆጥሮም ዕድሜው እንደሚታወቅ አስተማርኩ። «ያለ ምንም ስህተት» ብዬም ጨመርኩበት።

በማግስቱ የአንዲት ተማሪዬ አባት ወደ መምህራን ክፍል መጡ። ከደን ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ስለ ምድር ዕድሜ መጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሰው ሊሞግቱኝ ነው ብዬ መልስ ሳሰላስል፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መምህርት፣ በረዶውን የሚቆጥሩት እንደ ዛፍ ቀለበት ነው?»

«አዎ፣ ይመሳሰላል።»

«እንግዲያው እንጃ። እኔ ማንኪራ ደን በኩል ስንት ጉቶ ቆጥሬያለሁ! የኛ አገር ዝናብ መች በወጉ ያባራል? ቀለበቱ ይደበላለቃል። ራሴ ያስተከልኩትን ዛፍ ቆጥሬ እንኳ ከተተከለበት ዓመት ጋር አልገጥም ብሎኛል። በረዶው በዓመት አንድ ንብርብር ብቻ ለመጨመሩ ምስክሩ ማነው?»

«ሳይንቲስቶቹ...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። «አላውቅም ጋሼ፤ አንብቤ ልንገርዎት» አልኳቸው።

ሁለት ቀን አነበብኩ። ዓመቱ ተጽፎ የተላለፈ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ አመድ በረዶው ውስጥ ይገኛል፤ ቆጠራው አመዱ ጋ ሲደርስ ከዚያ ዓመት ጋር ከገጠመ ታመነ ማለት ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን ንብርብሩ ተጨፍልቆ ይሳሳል፣ ስህተቱም ይሰፋል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይህንኑ አይደብቁም። ዓርብ ዕለት ክፍል ገብቼ የተናገርኩትን አረምኩ። ከኋላ የሳቁ ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩና ያነበብኩትን ነገርኳቸው።

«አመዱ የዚያው ተራራ ለመሆኑስ በምን ይታወቃል?»

«የተሠራበት ንጥረ ነገር ተመርምሮ ይነጻጸራል።»

«ምርመራውም ሊሳሳት ይችላል።»

«ይችላል። ለዚህ ነው በአንድ መንገድ ብቻ የማይተማመኑት፤ አንዱን በሌላው ያመሳክራሉ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርን። ልጃቸው አጠገባችን ሆና አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ባለቤታቸው ኑ ብሉ ሲሉን አባትየው ተነሡ።

«የላይኛውን በረዶ ተቀብያለሁ» አሉኝ። «የታችኛውን ግን ገና ነኝ።»

አልተጫንኳቸውም። ስለ ታችኛው እኔም ገና ያልገባኝ ብዙ ነበር። እጃችንን ታጥበን ወደ ማዕዱ ቀረብን።