አባቴና እህታቸው የተከሉት የጎማ ዛፍ

ደቡብ ምዕራብ ቆላ ውስጥ በአንድ የጎማ ዛፍ እርሻ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቼ መንዝ ዘመሮ ስመጣ ቄስ አባቴ ጠየቁኝ፦

«ጎማ ከዛፍ ይታለባል የምትለው እውነት ነው?»

«ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው የሚታለበው፣ አባባ። ጎማው ከዚያ ይሠራል።»

«ከየትኛውም ዛፍ?»

«የለም፣ ዘሩ ይመረጣል። ብዙ ከሚታለብ እናት ዛፍ አይን የሚባለው እምቡጥ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ይጣበቃል።»

ምነው ባላልኩ! አባቴ የዘር ነገር ሲነሳ ሌላው ሁሉ አይሰማቸውም። እኔ ፈተና ባለፍኩ ጊዜ እንኳ ምስጋናው የደረሰው ለአያታቸው ደም ነበር፤ ለጥናቴ ምንም አልተረፈም። «እንግዲያው ከዚያ ምርጥ ዘር አምጣልኝ» አሉ። ዛፉ ሙቀትና ብዙ ዝናብ እንደሚፈልግ፣ የመንዝ ብርድ እንደማይስማማው ነገርኳቸው። «ዘሩ ጨዋ ከሆነ ብርድ ምን ያደርገዋል?» ብለው ዘጉኝ።

በዓመቱ ከአንድ እናት ዛፍ የተገኙ ሁለት ችግኞች ይዤ መጣሁ። አንዱን ለአባቴ፣ ሌላውን ከዓለም ከተማ በታች ቆላው ውስጥ ለምትኖረው ታናሽ እህታቸው ሰጠሁ።

አባቴ ዙሪያውን በድንጋይ ካቡለት፣ ፍግ አደረጉለት፣ ጠበል አጠጡት። ማታ ማታ ጋቢያቸውን እንደሚያለብሱት እናቴ በስልክ ነገረችኝ። «እኔ ጉንፋን ሲጥለኝ እንዲህ አልተደረገልኝም!» አለች። ጥቅምት ላይ ውርጭ ወረደና ቅጠሉ ጠቁሮ አደረ።

ጥፋተኛው ግን ውርጩ አልሆነም። ለፋሲካ ስመጣ «የተሻለውን መርጠህ ለእህቴ ሰጠሃት» አሉኝ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አባባ። መንታ ይበሏቸው።»

«ታዲያ መንታው ቆላ ሲወርድ ምነው ገዘፈ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ተነስተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

የአክስቴ ዛፍ በእርግጥም ከቤቷ ጣሪያ በላይ አደገ። ከዓመታት በኋላ ግንዱ ለመታለብ ሲደርስ አባቴ አላስቻላቸውም፤ አብረን በአውቶቡስ ወረድን። በማግስቱ ጠዋት ልጡን በሰያፍ ሰንጥቄ ከሥሩ ጣሳ አሰርኩ። እኛ እርሻ ላይ ወንድሙ እንዲህ ሲሰነጠቅ ጣሳ ይሞላል። እዚህ ግን ቆላው ሙቀት እንጂ ዝናብ የለውም፤ ጥቂት ጠብታ ወረደና ደረቀ።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለች አክስቴ።

የአባቴ ፊት በራ። «ቁመት ብቻ!»

«ወንድም ጋሼ፣ የእኔ እኮ ቢያንስ ቆሟል።»

«የእኔ ደግሞ ሳያዋርደኝ ሞቷል።»

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ግን አባቴ ካባቸውን አውልቀው ዛፉ ሥር ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ እህታቸው አለመኖሯን አይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ጥላው ደህና ነው» አሉ በሹክሹክታ።