መቶ አለቃው ከወንበሩ የተነሣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ዝናብ ያራሰው የድንኳን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ስለ ሟች ያወራሉ፣ እኔ ግን በሐሳብ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ደብራችን ሄጃለሁ፤ በንጉሡ ዘመን፣ መሬት ለግብር ሊለካ ነው የሚል ወሬ አገሩን ባመሰበት ክረምት፣ ወታደሮች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች እንዲህ የሚሸት ድንኳን ተክለው ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ አጥቢያ ዳኛ ሊመርጥ ከሾላው ሥር ሲሰበሰብ፣ የወታደሮቹ አዛዥ፣ አንድ ወጣት መቶ አለቃ፣ ወንበር አስመጥቶ መሐል ተቀመጠና ራሱ የፈለገውን ሰው ስም ጠርቶ የሚቃወም እንዳለ ጠየቀ። ትንፍሽ ያለ የለም። በእኛ አገር መሣሪያ ከያዘ እንግዳ ፊት መከራከር ነውር መሆኑን ከየት ይወቀው፤ ጸሐፊውን "ተስማምተዋል ብለህ ጻፍ" አለው።

ይህን ጊዜ አባየ ጋቢውን አደግድጎ ተነሣ። እማየ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር እንዲህ ተነሥቶ የተናገረ ጎረቤታችን ታስሮ ገና አልተፈታም ነበር።

"ጌታዬ፣ ሰዉ ዝም ያለው ተስማምቶ አይደለም፤ እርስዎ ስላሉ ነው።"

"እኔ ብሄድስ?"

"ያን ጊዜማ ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሲጨርስ መጥተን እንነግርዎታለን።"

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት መነኩሴ "ሂድ ልጄ፣ ዝናቡም እየመጣ ነው፣ ያ የመሰለ ጫማህ ይበላሽብሃል" አሉት።

መቶ አለቃው ጫማውን አየ፣ አባየን አየ፣ ከወንበሩም ተነሣ። ከዚያ ጸሐፊውን የጻፈውን አሰርዞ፣ ወታደሮቹን አስከትሎ ወደ ድንኳኑ ወረደ።

ሰዉ እስኪርቁ ጠብቆ በጭቅጭቅ ፈነዳ፤ እስከ ቀትር ተሰዳድቦ፣ ተማምሎ፣ ሌላ ሰው መረጠ። አባየ ሄዶ ለመቶ አለቃው ነገረው፤ በሰላምም ተመለሰ። ቤት ገብቶ ውሃ ጠይቆኝ ቅሉን ሦስት ጊዜ አስሞልቶ ሲጨልጠው ምን ያህል ፈርቶ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እማየ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች።

ዛሬ ሾላው ተቆርጧል፣ አባየም እማየም የሉም። ከዚያ ወዲህ የሕዝብን ዝምታ እሺታ አድርጎ የሚያስጽፍ ባለመሣሪያ ብዙ አይቻለሁ፤ በአንድ ገበሬ ቃል ከወንበሩ ሲነሣ ያየሁት ግን ያንን ወጣት ብቻ ነው፤ ስሙን እንኳ ከመካከላችን የጠየቀው የለም።