አባየ የቆዩበት እግር

ዛሬ ከሐይቁ ዳር ስመለስ፣ በአንድ ግቢ አጥር ላይ ዝናብ የመታው የወይን ቅጠል ሸተተኝና ባለሁበት ቆምሁ። የልጅነት ቅናቴ እንደ አዲስ ተነሣብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቄስ የነበሩት አባቴ በጸሎተ ሐሙስ የምእመናኑን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ያጥቡ ነበር። ቤት ውስጥ ተግሣጽ እንጂ እቅፍ አያውቁም፤ እጃቸው በፍቅር የሚነካኝ በዚያች ቀን ብቻ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ እጠብቃታለሁ።

የዚያን ዓመት ከፊቴ የተቀመጠው፣ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ የነበረው ሰውየ ነው። ወንድሜን፣ ወንድማለምን፣ ከቤታችን ጎትቶ ወስዶ የገደለው እሱ ነበር። ጫማውን አወለቀና አለቀሰ። አባየ ጎንበስ ብለው፣ ተረከዙን በቅጠሉ እያሹ፣ በጣቶቹ መካከል እየገቡ፣ ቀስ ብለው አጠቡት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ውኃ አፈሰሱብኝ፤ ቅጠሉን አንዴ አሳረፉና ወደሚቀጥለው አለፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስችል አለኝ። «አባየ፣ የወንድማለምን ገዳይ እንዲያ አሽተው አጥበው፣ የእኔን ለምን ቶሎ ጨረሱት?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የአንቺ እግር እኮ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ውኃው የመጣው እንደሱ ላለው ነው።»

ያን ቀን ንጽሕናየን ጠላሁት።

አባየ ካረፉ ቆዩ። ሰውየውንም እግዜር ምሮት ይሆናል፤ ፍርዱን ለእሱ ትቻለሁ። እኔ ግን ዛሬ ከአጥሩ ላይ አንድ ቅጠል ቀጠፍሁና፣ ጫማየን አውልቄ ተረከዜን አሸሁት። እንደ አባየ እጅ አልሆነልኝም።