ኦቦ ድሪባ ከኮርቻቸው ያልወረዱበት ምክንያት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጌታሁን አንድ ጥቁር ካሜራ አስያዘኝና «ዕቃው አይነቃነቅም፤ የምትዞሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ካሜራው የተሠራው የጌም ተጫዋችን እንቅስቃሴ እንዲያይ ነው። እኛ ግን እውነተኛ ዕቃ እየቀረጽን ጌም ውስጥ እናስገባበት ነበር። ቀስ ተብሎ ከተዞረ ዕቃው ኮምፒውተሩ ላይ እየሞላ ይመጣል። የኔ የመጀመሪያ ማሰሮ ሁለት አፍ አወጣ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

ቢሯችን አምቦ፣ ከአንድ እህል መደብር ፎቅ ላይ ነበር። ጌም የሚያሠራን አንድ ሰውዬ ለፈረስ ግልቢያ ጌም ያገር ኮርቻ ቀርጻችሁ አምጡ አለን። ካልሆነ ሥራው ይነጠቃል፤ እኔም ሀዋሳ እናቴ ቤት መመለሴ ነው።

ጌታሁን ከጊንጪ ኦቦ ድሪባ የሚባሉ ስመ ጥር ፈረሰኛ አመጣ። ኮርቻቸውን ከመደብሩ በተዋስነው የስንዴ ጆንያ ላይ ጭነን ወለሉ መሃል አደረግነው። እኔ ካሜራውን ይዤ እዞራለሁ፣ ጌታሁን የካሜራውን ገመድ ይዞ ከኋላዬ ይከተላል።

«ያ ዋቃዮ! ተዉ!» ብለው ኦቦ ድሪባ ፈጣሪያቸውን ጠርተው ጮኹ።

«ምን አጠፋን ኦቦ?»

«በቁሜ ታለቅሱልኛላችሁ እንዴ?»

እሳቸው ናቸው ያስረዱን፤ በሳቸው አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ ለቅሶ መሃል ይቆማል፣ አልቃሹም ይዞረዋል። ለካ ሰውዬውን በሕይወት እያሉ እያለቀስንላቸው ኖሯል! ክው አልኩ።

ኮርቻቸውን አንስተው ሊሄዱ ሲሉ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አዩኝና ኮርቻውን ጆንያው ላይ መልሰው ጭነው ዘለው ወጡበት።

«በይ አሁን ዙሪ፣ ልጄ።»

ዞርኩ። ካሜራው ሰውና ኮርቻ መለየት አቃተው፤ አንድ ላይ ሰፍቶ አወጣቸው።

«ሰውዬውን ቁረጫቸው!» አለ ጌታሁን። ኮምፒውተሩ ላይ ስቆርጣቸው የኮርቻው መቀመጫ አብሮ ተቀደደ። «በቃ፣ ከነሰውዬው ላኪው» አለ።

ጌሙ ወጣ። ተጫዋቾች «ዳማው ፈረስ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አይወርዱም፣ ምን እናድርግ?» እያሉ ይጽፉልን ጀመር። ያሠራን ሰውዬ ስሕተት ይሁን ቀልድ ሳይገባው ወደደው። እኔም ከሥራዬ አልተባረርኩም።

ከዓመታት በኋላ ኦቦ ድሪባ አረፉ። ጊንጪ ስደርስ ፈረሳቸው ባዶ ኮርቻ ተጭኖ ቆሟል። ባዶ እጄን ከሰው ጋር ዞርኩት። እግሬ ሳላዘው ቀስ አለ፤ እንደ ካሜራው ጊዜ። አለቀስኩ።

ልጃቸው ስልኳን አውጥታ ጌሙን ከፈተችልኝ። «አባባ እዚህ አልወረደም» አለችኝ።

ዕቃ ከመቅረጻችሁ በፊት፣ ባዶውን ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።