መሐሉ የጎደጎደ ሳህን

ሠላሳ አራት ስም የተደረደረበት የምርምር ጽሑፍ አይቻለሁ። የእሷ ስም የለበትም። መጨረሻው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የቴክኒክ ሠራተኞችን እናመሰግናለን» ይላል። እነማንን? አይናገርም። እንግዲያው እኔ ልናገር፤ ቢያንስ ስለ አንዷ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ እጀ ላባ ይሏታል። ሥራዋ ፎይል መሥራት ነው። ከባድ ሃይድሮጅን ያለበትን የፕላስቲክ ዱቄት በትኩስ ፈሳሽ ታሟሟለች፤ በተወለወለ ዝርግ የብረት ሳህን ላይ ታፈሰዋለች፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ይቀራል። እሱን ትንፋሿን ይዛ በመቆንጠጫ ትልጠዋለች። አስነጥሳ ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቋት «አንድ ጊዜ። የሁለት ሳምንት ልፋቴን ኮርኒስ ላይ አገኘሁት» ትላለች።

ፎይሉ ከእጇ ወጥቶ ወደ ትልቁ ማሽን ይሄዳል። እዚያ ፕሮቶኖች በኃይል ይወረወሩበታል። የከባድ ሃይድሮጅን አስኳል ማለት አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ተቃቅፈው ነው፤ ተወርውሮ የመጣው ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ። ዙሪያውን ያሉት ቆጣሪዎች ስንቱ ወደየት እንደተበተነ ይቆጥራሉ። ጥያቄው ይህ ነው፤ በሁለት በሁለቱ መካከል ያለውን ኃይል ብናውቅ የሦስቱን ነገር አወቅን ማለት ነው? ወይስ ሦስት ሲሆኑ ብቻ የሚመጣ ሌላ ኃይል አለ?

የክፍሉ ኃላፊ ይህን ያስረዳት ምሳ ላይ ነው፤ ቤቷ። ተማሪ ሳለ መቆንጠጫ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከእሷና ከባሏ ጋር ይበላል።

«ይሄ ምኑ ይገርማል?» አለችው። «እኔና አንተ ብቻችንን ስንሆን ትከራከረኛለህ። እኔና እሱ ስንሆን» በአገጯ ባሏን እየጠቆመች «እንነጫነጫለን። ሦስታችን ስንቀመጥ ግን ይኸው እንስቃለን።»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ይሄን ለማረጋገጥ ነው ዓመት ሙሉ የምንለፋው!»

«ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት ውጤቱ ወጣ። ከሌላ ተቋም የመጣ የስሌት ሰው ሁለት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ዘረጋ። የታችኛው መስመር የሁለት በሁለቱ ኃይል ብቻ ያለበት ስሌት ነው። የላይኛው ሦስተኛውን ኃይል ይጨምራል፤ ከታችኛው በመቶ አምስት ያህል ከፍ ይላል። በአንዲት ነጥብ የተመለከተው ቆጠራ ግን በመቶ ስምንት ከፍ ብሎ ከሁለቱም በላይ ተንሳፍፏል።

«የትም አያርፍም» አለ ሰውዬው። «ፎይሉ ሴትየዋ መዝገብ ላይ ከጻፈችው ይወፍራል። ወፈረ ማለት ሃይድሮጅኑ በዛ፤ ስለዚህ ቆጠራው ያለ አግባብ አበጠ።» እሷ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። እንደ ወንበር ቆጥሯታል። እንዲህ ያለው ሰው ደሜን ያፈላዋል!

ኃላፊው ጠረጴዛውን መታው። «እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እሷ ጻፈች ማለት አለቀ!»

ስድቡን ችላው ነበር። እንቅልፍ የነሳት ይህ «አለቀ» ነው። ምክንያቱም ፎይሉን የምትመዝነው ሙሉውን ነው፤ ከዚያ ለስፋቱ ታካፍላለች። ፕሮቶኑ የሚመታው ግን መሐሉን ብቻ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቦታ ነው። መሐሉና ዳሩ እኩል ባይሆንስ?

በማግሥቱ ሳህኑን በመሀረብ ጠቅልላ ቤቷ ይዛው ገባች። ባሏ ግድግዳ ለሳኝ ነበር፤ ጉልበቱ አስቀምጦታል እንጂ ዓይኑ አልሰነፈም። የብረት ማስመሪያውን ሳህኑ ላይ አጋድሞ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። ከማስመሪያው ሥር፣ መሐሉ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ሾለከ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የምትወለውይው?»

አሳየችው፤ ከመሐል ጀምራ፣ ክብ እየሠራች፣ ወደ ዳር። እጇን ያዘው።

«ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ? ቦርቡረሽዋል እኮ! ፈሳሹ መሐሉ ላይ ይተኛል።»

«ጽዳቴ ጉድ ሠራኝ» አለችና እንባዋ መጣ። ጀርባዋን ዳበሰላት። ቆይቶ፣ ሊፈትናት ይሁን ሊያጽናናት እንጃ፣ «አንድ ወር ነው የቀረሽ። ማን ያውቃል?» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ የተጣመመ ግድግዳ ለስነህ፣ ቀለሙ ይሸፍነዋል ብለህ ሄደህ ታውቃለህ?»

«አንዴ።»

«እና?»

«እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አላልፍም።»

ጠዋት ገብታ ሙከራው የተሠራበትን ፎይል ከሣጥኑ አወጣች። በክብ መቁረጫ መሐሉን ቆርጣ ለብቻው መዘነችው፤ ለስፋቱም አካፈለችው። ከጻፈችው በመቶ ሦስት ይከብዳል። መዝገቡ ላይ ቁጥሩን አሰፈረች፤ ከሥሩም «ሳህኑ መሐሉ ጎድጉዷል። ስህተቱ የእኔ ነው» ብላ ፈረመች። ከዚያ የተቆረጠውን ፎይልና መዝገቡን ይዛ የስሌቱ ሰው ባለበት ኃላፊው ፊት አስቀመጠች።

ኃላፊው አንብቦ ቀና ማለት አቃተው። የስሌቱ ሰው ግን እርሳሱን አነሳ፤ ነጥቧን በመቶ ሦስት አወረዳት። የላይኛው መስመር ላይ ቁጭ አለች። ሦስተኛው ኃይል ያለበት ላይ።

እርሳሱን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ...» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ስለ ፎይሉ ልክ ነበርክ» አለችው። «ስለ አነጋገርህ ግን አልነበርክም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኃላፊው «‹ስህተቱ የእኔ ነው› የሚለው ይሰረዝ፤ ቁጥሩ ይበቃል» ቢል ጮኸችበት። «እስቲ ንካው! ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው መሐሉን ለብቻ መመዘን እንዳለበት በምን ይወቅ?»

አንዲት ነጥብ ክርክር አትዘጋም፤ ሌላም ቦታ፣ በሌላም አቅጣጫ መቆጠር አለበት። ነገር ግን ያቺ ነጥብ ቦታዋን ያገኘችው አንዲት ሴት የሃያ ሁለት ዓመት ስሟን በገዛ መቁረጫዋ ስለቆረጠች ነው። ጽሑፉ ይህን አይልም። «ከተደረገ ማስተካከያ በኋላ» ይላል። ማን አስተካከለው? ይህን መጻፍ ስንት ቀለም ይጨርሳል?

ስትሰናበት ሳህኑን ሰጧት። አሁን ፍሬ ይቀርብበታል። ባለፈው ማክሰኞ ኃላፊው በልቶ ሲጨርስ አነሳችውና፣ በለመደ እጇ፣ ከመሐል ተነሥታ ክብ እየሠራች በጨርቅ ትወለውለው ጀመር።

«አንቺ! ትበሺዋለሽ!» አለ ባሏ።

«ገና ሃያ ሁለት ዓመት ይቀረዋል» አለችው፤ ሦስቱም ሳቁ። እሷ ግን ጨርቁን ወደ ዳር ወስዳ እንደገና ጀመረች።